አንድ ቀን የቀደመ ሰርገኛ

ሄሎ? … አዎ፣ ጋጀንድራ ነኝ። ማን ልበል? … ኦ፣ ሎክራጅ! አማች! ምነው በጠዋቱ? … ደህና ነን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ቆይ፣ አፌ ውስጥ የጥርስ ብሩሽ አለ፣ ልትፋው … እሺ፣ አሁን ተናገር።

… እናቴም ደህና ናት። ኡርሚላም ደህና ናት። ትናንት ማታ ስልኩ እስኪግል ስታወሩ አልነበረም እንዴ? አሁን የእህቴን ጤና ከኔ ትጠይቃለህ?

… ሄሎ? ትሰማኛለህ? የምን ጡሩንባ ነው ከበስተኋላህ? … ጮክ በል፣ ከበሮው ዋጠህ። … ሰርግ? የማን ሰርግ? … አትቀልድ፣ ሎክራጅ። ሰው ድንኳን ሊተክል ወገቡን እያሰረ ነው፣ ለቀልድ ጊዜ የለውም።

… የት ናችሁ አልከኝ? … ዱምሬ! ከዳገታችን ሥር ዱምሬ ምን ትሠራላችሁ? … ሻይ ጠጥታችሁ ዳገቱን ልትወጡ። ማን ማን ነው የሚወጣው? … አባትህ። አጎቶችህ። ካህናችሁ። የሙዚቃ ባንዱ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው። … አንተስ? ምን ለብሰሃል? … ቀዩ የሙሽራ ምልክት፣ ቲካውም ግንባርህ ላይ ነው? … ጉንጉን አበባውም?

ቆይ፣ ልቀመጥ።

… ሎክራጅ፣ የኔ ወንድም፣ ከነገ ጀምሮ እግርህን የማጥብ ሰው ነኝ። ያጠብኩበትን ውሃ ፉት የምል ሰው ነኝ። ከነገ ወዲያ ክፉ ቃል ልናገርህ ወግ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጊዜ ልስደብህ፦ አንተ ጅል! ሰርጉ እኮ ነገ ነው!

… እንዴት "ዛሬ ነው"? ነገ ነው እንጂ። … የአሻድ ወር አንድ፣ አዎ፣ እሱ ላይ ተስማምተናል። ታዲያ አሻድ አንድ ነገ ቅዳሜ አይደለም? … ዛሬማ ዓርብ ነው፣ የጄስታ ወር ሠላሳ ሁለት። … አለው! ዘንድሮ ጄስታ ሠላሳ ሁለት አለው! — እማ! እማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? … ሠላሳ ሁለት ትላለች እናቴ። ለሰርጉ የተገዙት ፍየሎችም ይመሰክራሉ፤ እስካሁን በሕይወት ናቸው።

… ካርዳችሁ ላይ ዓርብ ይላል? የኛ ካርድ እኮ ቅዳሜ ነው የሚለው። … ቆይ፣ የናንተ ካርድ እዚህ ግድግዳ ላይ ተሰክቷል፣ ልየው … "ዓርብ"። ጉድ ፈላ። ወር ሙሉ እዚህ ተሰክቶ ማንም አላነበበውም። … እናንተም የኛን አላነበባችሁማ! የሰርግ ካርድ ማን ያነባል? የዝሆን ራሱን አምላክ፣ የጋኔሹን ሥዕል አይቶ፣ ወርቁን በጣቱ ዳስሶ ግድግዳ ላይ መስካት ነው።

… ተው እንጂ፣ "አገሩ በሙሉ አሻድ አንድ ነው" አትበለኝ። የኛ ወር መቼም በጣት ተቆጥሮ አያውቅም፤ አንዱን ዓመት ሠላሳ አንድ፣ አንዱን ዓመት ሠላሳ ሁለት። ኮከብ ቆጣሪዎቹ ተሰብስበው እስኪያወጁት መጠበቅ ነው። እስከ ትናንት ድረስ ሁላችንም እኩል ነበርን፤ ዛሬ ጠዋት ነው እናንተ አንዷን ቀን ዘላችሁ የሄዳችሁት። ማን ነው ቀኑን የነገራችሁ? … እኔን የመሰለ አማች እያላችሁ የማይረባ ካላንደር ካያችሁ ጥፋቱ የናንተው ነው። አባትህን ስንት ጊዜ ለመንኳቸው! "የኔን አፕ ይጫኑ፣ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ቀኑ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው" ብዬ …

… ምን?

… የኔን አፕ ነው ያያችሁት?

… አባትህ የግድግዳውን ካላንደር ቀደው ጣሉት? … "የልጄ አማች የአገሩን ካላንደር እየሠራ እኔ የዘይት ነጋዴ ስጦታ ልሰቅል?" አሉ። … ሰፈሩንም አስጫኑት። … በግድ። … ካህናችሁንስ? እሱ እንኳን መጽሐፉን አይገልጥም? … ለበዓል ስልክ ገዝታችሁ፣ አፑን ጭናችሁ ሰጣችሁት። ጎሽ! ማተሚያ ቤቱም ከሱ ነው የገለበጠው በለኛ። … ነው? እኔ ለቀልድ ነው ያልኩት!

እሺ፣ ገብቶኛል። አፕዴት አላደረጋችሁም፣ ያ ነው ነገሩ። ድሮ ስሠራው የዘንድሮው ገና አልታወጀም ነበር፣ ጄስታን በግምት ሠላሳ አንድ አድርጌ ሞላሁት። አምና እውነተኛው ቁጥር ሲወጣ ግን ወዲያው አዲሱን ፋይል ጠቅልዬ ለቅቄዋለሁ። እናንተ ሳትቀበሉት ቀርታችሁ … አድርጋችኋል? መቼ? … ትናንት ማታም? … አባትህ "ለአማቼ ውለታ ነው" ብለው አንድም አፕዴት አያልፋቸውም? …

ስልካቸው አንተ ጋ ነው? … ክፈተው። ከታች የአፑ ቁጥር አለ፣ አንብብልኝ። … የመጨረሻው ነው። … አዎ፣ አዲሱ ነው። አሁን ወደ ቀኑ ተመለስ። ዛሬን ምን ይለዋል? … አሻድ አንድ። … ጄስታን ክፈትልኝ። ስንት ላይ ነው የሚያልቀው? … ሠላሳ አንድ።

…

… አለሁ። አለሁ፣ መስመሩ አልተቋረጠም።

ሎክራጅ፣ አባትህ አፑ ውስጥ ማስታወሻ ይጽፋሉ? … የላሟን መውለጃ። … የእናታቸውን ሙት ዓመት። የአያቶችህን ሁሉ። … በል አጠገብህ ካሉ ፈቀቅ በል። … ፈቀቅ አልክ? … እንግዲህ ስማኝ። ጥፋቱ የኔ ሳይሆን አይቀርም።

… አይ፣ ቫይረስ አይደለም። አፑ ስትጭነው ፋይሉን ከሆዱ አውጥቶ ስልክህ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያነበው ያንን ያስቀመጠውን ነው። ማስታወሻ ስትጽፍም እዚያው ላይ ነው የሚጽፍልህ። አፕዴት ስታደርግ አዲሱ ፋይል ከነአፑ ይመጣል። ግን እኔ ምን ብዬ ጻፍኩለት? "ቀድሞ ፋይል ካለ አትንካው።" የሰው ማስታወሻ እንዳይጠፋ ብዬ! … አዎ፣ እናት አዲስ ስንቅ ቋጥራ ትልካለች፣ ልጁ አሮጌውን ከጉያው እያወጣ ይበላል። አዲሱ እዚያው እንደተቋጠረ አለ። አሁን እጅህ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ ትክክለኛው ቀን አለ፣ ማንም አልፈታውም እንጂ።

… የኔ ስልክ ላይማ ትክክል ነው! እኔ ለሙከራ በየቀኑ እያጠፋሁ ነው እንደ አዲስ የምጭነው፤ አሮጌው ፋይል የት ያገኘኛል? ትናንት የጫነ ሰውም ትክክለኛውን ነው የሚያየው። የተሳሳተው ከመጀመሪያ ጀምሮ ያመነኝ ሰው ነው። ያመነኝን ብቻ መርጬ ነው ያሳሳትኩት፣ ሎክራጅ።

— ኡርሚላ፣ ነይ ወዲህ። … ቆመሽ አትስሚው፣ ተቀመጪ። ባልሽ እየመጣ ነው። … አይ፣ ዛሬ። … ከነባንዱ። … ሄሎ፣ ሎክራጅ፣ እያየችኝ ነው። ፍየሎቹ እንኳን እንደዚህ አያዩኝም። ትናንት ማታ "በቃ ነገ እንገናኝ" ብለሃታል? … እሷም "እሺ" ያለችህ በፍቅር የተቻኮልክ መስሏት ነው። … "ፍቅር መስሎኝ ነበር፣ ለካ ካላንደር ነው" ትልሃለች።

— እማ፣ ሰርገኛ መጣ። … የእውነቴን ነው፣ ዱምሬ ደርሰዋል። … ሄሎ፣ አዎ፣ አለሁ። "ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ" ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ እናቴ ይኸውና በርበሬውን ልታወርድ ቆጥ ላይ ወጣች። ወጥ ሠሪው የሚመጣው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው። ድንኳኑ ገና ቀርከሃ ነው። የቅጠሉን ሳህን ሴቶቹ አሁን ነው መስፋት የጀመሩት። እኔ በካናቴራ ነኝ።

… ዛሬ ብንድራችሁስ? ካህናችሁ አረቄ ቀምሶ ነው እንዴ ይህን ያለህ? ኮከብ ታይቶ ሰዓቱ የተቆረጠው ለነገ ነው። ዛሬ በሰርጉ እሳት ዙሪያ ብታዞራት ጋብቻ ሳይሆን ሽርሽር ነው የሚሆነው።

… ቆይ፣ ሌላኛው ስልኬ እየጮኸ ነው። — ኡርሚላ፣ አንሺው እስቲ፣ የቢሮ ከሆነ እንደሞትኩ ንገሪልኝ። … ማን ነው? … ከጃፓ? … ምን ይላል? … ሎክራጅ፣ አፑን የጫነ አንድ ሰውዬ ከጃፓ አውራጃ ነው። ዛሬ የወር መባቻ ነው ብሎ ሳይነጋ ወንዝ ወርዶ ታጥቧል፣ ጾሙንም ይዟል። "የበረደኝን ማን ይመልስልኛል?" ይላል። — ነገም ይታጠብ በዪው፣ ውሃ አያልቅም! … ስልኩን ዝጊው። ዝጊው በቃ፣ ዛሬ የአገሩ ሰው ሁሉ ሊደውል ነው።

እሺ፣ ሎክራጅ፣ ወደኛ ጉድ። ተመልሳችሁ ሄዳችሁ ነገ ብትመጡስ? … አይሆንም? … ኧረ ለካ! ሴቶቹ! ወንዱ ሁሉ ሙሽራ ሊያመጣ ወጥቶ የለ፣ ዛሬ ማታ ቤቱ የነሱ ነው። ይዘፍናሉ፣ ይሳደባሉ፣ የወንድ ሱሪ ለብሰው ይጨፍራሉ። … እውነትህን ነው፣ በዚያ ሌሊት ወንድ ቢገባባቸው ሱሪውን ገፈው ነው የሚሸኙት። ከዚያ ደግሞ ሙሽራ ሊያመጣ ወጥቶ ባዶውን የተመለሰ ሰው ስሙ አይነሳ። የአንተም፣ የእህቴም።

… አባትህ ናቸው የሚያስፈሩኝ። የአክስትህ ልጅ ሰርግ ላይ "እርጎው ቀጥኗል" ብለው አውቶቡሱን ሊያስዞሩ ነበር ብለኸኝ የለ? … ሹፌሩ ነው የለመናቸው? … እሳቸው እንግዲህ መጥተው ድንኳን የለ፣ ምግብ የለ፣ የሙሽራዋ ወንድም በካናቴራ! "ንቀውናል" ብለው ነው የሚዞሩት። ከዞሩ ደግሞ ይሄ ጋብቻ አበቃ። ኡርሚላ እዚህ እጇ ላይ ሂናዋን እንዳደረገች ትቀራለች።

… ምን? … ድገምልኝ። … አንተ ጥፋቱን ልትወስድ? "ስልኩን እኔ ነኝ የነካካሁት፣ ቀኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" ልትላቸው? … ታደርገዋለህ? ለኔ ብለህ? … ለሷ ብለህ። ገባኝ። … ሎክራጅ፣ አንተ ልጅ ሰው ነህ። … እውነቱን ልንገርህ? ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። አባት ልጁን ምን ያደርገዋል? አንድ ጥፊ ነው። እኔን ግን …

— ምን አልሽ? … እየሰማሽ ነበር እንዴ? … ኡርሚላ፣ ልጁ ራሱ ነው እኮ ፈቅዶ … እ? … እ። … ሄሎ፣ ሎክራጅ፣ እምቢ ትላለች። "ዛሬ ያንተን ጥፋት ከተሸከመልህ፣ በተጣላን ቁጥር እስከ እርጅናችን ድረስ እያነሳ ይጥልብኛል" ትላለች። … "አላነሳም" ይልሻል። … "ያነሳል" ትላለች። … እኔም ወንድ ነኝ፤ ያነሳል ባይ ነኝ።

… እሺ። እሺ፣ ኡርሚላ፣ አትገላምጪኝ። … ስጣቸው ስልኩን። አባትህን ስጠኝ። … አሁኑኑ፣ ሳልፈራ። … እኔም አላውቅም ምን እንደምላቸው። ስጠኝ ብቻ።

…

ናማስቴ፣ አባባ። እንዴት አደሩ? … እኔም ደህና ነኝ፣ ይመስገን። … መንገዱ እንዴት ነው? ዝናቡ ብዙ አላስቸገራችሁም? … አይ፣ በሩ ገና አልተዘጋጀም፣ አባባ። … አይ፣ አበባውም። … አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት ነው፣ እባክዎ እስክጨርስ አይዝጉብኝ። ዛሬ አሻድ አንድ አይደለም። ዛሬ ጄስታ ሠላሳ ሁለት ነው። ሰርጉ ነገ ነው።

… አዎ፣ ስልክዎ አሻድ አንድ ይላል። … ልክ ነዎት፣ አፑ የኔ ነው። … አይ፣ አገሩ አልተሳሳተም፣ አባባ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። እርስዎም አይደሉም፣ ሎክራጅም አይደለም፣ ስልኩም ምንም አላጠፋ።

… አይ፣ አባባ፣ ዛሬን አሻድ አንድ ማድረግማ አልችልም። … አውቃለሁ፣ "የአገሩን ካላንደር የሚሠራው የልጄ አማች ነው" እያሉ እንዳወሩልኝ አውቃለሁ። ግን እኔ ቀኑን አልሠራውም። ኮከብ ቆጣሪዎቹ ያወጁትን ጠቅልዬ ነው የምልከው። … አዎ፣ እንደ ባለሱቅ ይበሉት። ስኳሩን እኔ አላመረትኩትም፣ በወረቀት ጠቅልዬ ነው የምሰጠው። … አዎ፣ አሮጌ ስኳር ሰጥቻችሁ ነው።

… አውቃለሁ ካላንደሩን ቀደው እንደጣሉት። … በኔ ተማምነው ነው። … አዎ።

… አባባ? ሄሎ? አሉ? … አሉ።

… አጥፍተው ቢጭኑት ይስተካከላል፣ ግን እንዳያጠፉት! በጭራሽ! የጻፉት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የእናትዎ ሙት ዓመት ሳይቀር። … አይ፣ ካልነኩት አይጠፋም። አሁንም እዚያው አለ። እንዲያውም ነገሩ የተበላሸው በሱ ነው። አዲሱን ቀን ስልኩ ጽሑፍዎ ላይ ቢገለብጠው ያጠፋዋል ብዬ ፈርቼ "ካለ አትንካው" ብዬ ዘጋሁት። ጽሑፉን እና ቀኑን ለየብቻ ማስቀመጥ ነበረብኝ። አላሰብኩበትም።

…

… እ? ምን አሉኝ? … "የእናቴን ቀን ጠበቅህልኝና የልጄን ቀን ጣልክብኝ።"

… አዎ፣ አባባ። ልክ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። አፍሬያለሁ። የምሸሸግበት አጥቼ ነው እንጂ በስልክ አልነግርዎትም ነበር። ኡርሚላ አባት የላትም፣ እርስዎም ያውቃሉ። ነገ በአባቷ ቦታ ቆሜ እጇን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ለዚያ ክብር የበቃሁበት የመጀመሪያ ሥራዬ ይኸው ነው። ሊሰድቡኝ ከፈለጉ ይስደቡኝ፣ መብትዎ ነው። ብቻ አውቶቡሱን አያዙሩት። እሷ ምንም አላጠፋችም። ካርድ አለማንበብ ካልሆነ፣ እሱን ደግሞ ሁላችንም ነን።

… አባባ? … እያለቀሱ ነው? … እየሳቁ ነው? አልለየኝም እኮ፣ መስመሩ ይንጫጫል። … — እማ፣ ዳንዳፓኒ ናቸው፣ የሙሽራው አባት። አላውቅም፣ ወይ ይስቃሉ ወይ ያለቅሳሉ።

… አቤት። … እሺ። … "ባንድ ሳይመታ የገባ ሰው ሰርገኛ አይባልም።" እውነት ነው፣ አባባ። … እንደ መንገደኛ? ዝም ብላችሁ? … ጡሩንባውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ አንድ አንድ እያላችሁ … "ዛሬ አልመጣንም" … ነገ ጠዋት ወርዳችሁ፣ ከመታጠፊያው ጀምሮ እየመታችሁ እንደ አዲስ ትወጣላችሁ። … አባባ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ? … ነገ? እሺ፣ ነገ።

— እማ! ይገባሉ! ግን አልመጡም! … ኋላ አስረዳሻለሁ፣ ሩዙን ጣጂው!

… የሚያድሩትማ ትምህርት ቤቱ አለ፣ ዓርብ አይደል፣ ተማሪዎቹ በግማሽ ቀን ነው የሚወጡት። … አይ፣ ድንኳኑን እኛው እንተክላለን። … አጎቶቹ? ኧረ ነውር ነው! የሙሽራ ወገን ምሰሶ ሲያቆም የት አገር ታይቷል? … "ዛሬ የሙሽራ ወገን አይደለንም።" … እሺ፣ እንዳሉት። … ካህናችሁም ሽንኩርት ይላጡ? … ሽንኩርት አይነኩም፣ አባባ፣ ድንች እንስጣቸው። ስልካቸውን ብቻ ይቀሟቸው።

… እርስዎም? ምን ሊሠሩ? … "እርጎውን እኔ ነኝ የምቆጣጠረው።" … ኧረ በደስታ! ራስዎ ካረጉት ማን ቀጠነ ይላል? … አሁንማ እየሳቁ ነው፣ ሰማሁዎት።

… እየተነጋገርን ተነስታችሁ ደረሳችሁ? ወዲያው? … ሹፌሩ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ዳገቱን እንደ ፍየል … መታጠፊያው ጋ ይቁም፣ ከዚያ በላይ ጭቃ ነው። ውረዱና በእግር፣ ቀስ ብላችሁ። እኔም ለጎረቤቶቹ የኡርሚላ የሥራ ባልደረቦች ናቸው እላለሁ። … አዎ፣ ቲካ የተቀቡ ባልደረቦች።

… አባባ፣ ምንድን ነው እሱ? … ከስልኩ ነው ወይስ ከውጭ? … ከውጭ ነው! ከሁለቱም ነው! ማን ነው የሚነፋው? … ሽማግሌው? አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የተቀመጡት ጡሩንባ ነፊ? ምነው፣ አልነገራችኋቸውም? … ጆሯቸው አይሰማም! … ኧረ እንዴት ነው የሚነፉት፣ ተራራው እኮ እየመለሰ ነው! አባባ፣ ውሾቹ ሁሉ ተነሱ። እታች ያሉት ቤቶች ወጡ። ያቺ ሴትዮ አበባ ይዛ እየሮጠች ነው፣ አበባውን ከየት አመጣችው? — ልምምድ ነው! ሰዎች፣ ልምምድ ነው! … እናቴም "ልምምድ ነው" እያለች የሰርገኛ መቀበያውን የውሃ እንስራ ተሸክማ በር ላይ ቆማለች። ለልምምድ እንስራ ምን ያደርጋል?

… አይ፣ አይቆጧቸው። ይተዋቸው፣ አባባ። እንዲህ ዓይነት ትንፋሽ አንዴ ከወጣ መልሶ አይዋጥም። ይንፉ። … ሌሎቹም ጀመሩ? … በሉ ከበሮውም ይግባ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረን!

— ኡርሚላ? … የት ሄደች? ኡርሚላ! … አባባ፣ ምራትዎ ግንቡ ላይ ወጥታ ቆማለች። — አንቺ ሙሽራ አይደለሽም እንዴ? ትታያለሽ፣ ውረጂ! … አትሰማኝም። እየሳቀች ነው። ሆዷን ይዛ እየሳቀች ነው፣ አባባ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደዚህ ስትስቅ አላየኋትም።

… ምን አሉኝ? ከበሮው ነው፣ ጮክ ይበሉ። … "ልጄን ሁለት ጊዜ ነው የምድረው፣ አንዱ ያንተ፣ አንዱ የአገሩ።" … እሺ፣ አባባ። የኔው ዛሬ ይሁን።

… አየሁዎት! ነጩ ኮፍያ እርስዎ ነዎት? … እኔ ይኸው፣ በካናቴራው፣ እጄን እያውለበለብኩ ያለሁት። … ልዝጋው፣ አባባ፣ ሸሚዝ ልልበስና ልውረድ፣ ጭቃው ላይ እጅዎን ልያዝዎት።